«ሽሮደር» ከየት መጣ? በጀርመን የቤተሰብ ስም የዘር ሐረግን ስለ መፈለግ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ባለቤቴ ጀርመናዊ ሲሆን የቤተሰቡ ስም ሽሮደር ነው። ልጃችን ለትምህርት ቤት የዘር ሐረጉን እንዲሠራ ታዘዘ። በእኔ በኩል ያለውን አባቴ በስልክ ሰባት ቤት ቆጥሮ አስጻፈው። በአባቱ በኩል ግን ከአያት በላይ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። አንድ የኢንተርኔት ሻጭ የስሙ ትርጉም ‹ልብስ ሰፊ› ነው ብሎ የቤተሰቡን አርማ በክፈፍ ላከልን፤ ይህ እውነት ነው? የባለቤቴ የእናቱ እናት ከጋብቻ በፊት ስማቸው አዶማይት ነበር፤ ‹ከምሥራቅ ፕሩሲያ ነው የመጣነው› ይሉ እንደነበር ይታወሳል። ከምን እንጀምር?»

መልስ፦ በአርማው ልጀምር፤ እርሱ ቶሎ ያልቃል። በጀርመን ልማድ አርማ የአንድ ሰውና የተወላጆቹ ነው፤ የስም አይደለም። ሽሮደር የሚባሉ፣ እርስ በርስ ምንም ዝምድና የሌላቸው እጅግ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። ከእነዚህ ጥቂቶቹ አርማ ነበራቸው፤ ሻጩ የአንዱን ወስዶ ስሙን ለያዘ ሁሉ ይቸበችባል። ባለቤትዎ ከዚያ ከአርማው ባለቤት መወለዳቸው በመዝገብ እስካልተረጋገጠ ድረስ ግድግዳችሁ ላይ የተሰቀለው የሌላ ሰው አርማ ነው። ክፈፉ ደህና ከሆነ የቅድመ አያት ፎቶግራፍ ይግባበት።

«ልብስ ሰፊ» የሚለው ትርጉም ግን ውሸት አይደለም፤ ጎደሎ ነው። ፕላትዶይች በሚባለው የሰሜኑ ጀርመንኛ ሽሮደር ቆራጭ ነው፤ ጨርቅ ቆርጦ የሚሰፋ። የወይን ጠጅ በሚጠመቅበት አገር ደግሞ ከዚሁ ሥር የወጣው ሽሮተር በርሜል እያንከባለለ ወደ ምድር ቤት የሚያወርድና የሚያጓጉዝ ሠራተኛ ነበር። አጻጻፉ ለዘመናት ሲለዋወጥ ስለኖረ፣ የዛሬው ሽሮደር አባቶች መርፌ ይያዙ ወይም በርሜል ይግፉ ከስሙ ብቻ መናገር አይቻልም። ቤተሰቡ ከየት አካባቢ እንደሆነ ሲታወቅ ነው የሚለየው። ቢለይም እንኳ ትርጉሙ የሚመለከተው ስሙ መጀመሪያ የወጣለትን፣ ምናልባት ከ600 ዓመት በፊት የኖረውን አንድ ሰው ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ገበሬም ወታደርም የባቡር ሠራተኛም ሆነው ስሙን ተሸክመው ኖረዋል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምመክርዎ ስሙን ትታችሁ ቦታውን እንድትከተሉ ነው። ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን መጀመሪያ ግር ይላል። በእኛ ዘንድ ስም ራሱ ቆጠራ ነው፤ የልጁን ስም የአባቱ፣ የአባቱን የአያቱ ይከተለዋል። የጀርመን የቤተሰብ ስም ግን በአንድ ትውልድ ላይ ቆሞ የቀረ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ኮሎኝ ባሉ ከተሞች ዮሐንስና ሃይንሪሽ የሚባለው ሰው ሲበዛ፣ ጸሐፊዎች ሞክሼዎችን ለመለየት አንዱን ልብስ ሰፊው (ሽሮደር)፣ ሌላውን የወንዝ ዳሩ (ባኽማን)፣ ሦስተኛውን ከርዳዳው (ክራውዘ) እያሉ መዘገቡ። ቅጽሉ ለልጅ ለልጅ ልጅ እየተላለፈ ቀረ። ልማዱ ወደ ገጠሩ ለመዳረስ ብዙ መቶ ዓመታት ወስዷል። ልብስ ሰፊ ያልነበረበት ከተማ ስለሌለ ደግሞ ስሙ በየቦታው ለየብቻው ተወለደ። ሽሮደር ዛሬ በጀርመን በብዛት ከሚገኙት ሃያ ስሞች አንዱ የሆነው ከአንድ አባት ስለወጣ አይደለም።

ስም ፈጽሞ አይረዳም ማለቴ ግን አይደለም፤ ወደ አካባቢው ይጠቁማል። በርሜል ሠሪን ያስቡ። በሰሜንና በምሥራቅ ቦትቸር፣ በራይን ወንዝ አካባቢ ፋስቢንደር፣ በደቡብ ምዕራብ ኩፈር፣ በባቫሪያ ሼፍለር ወይም ቢንደር ይባል ነበር፤ አምስቱም ዛሬ የቤተሰብ ስሞች ናቸው። ስሙን ሰምቶ አገሩን መገመት ይቻላል ማለት ነው። ሽሮደርም በሰሜን ጀርመን ይበዛል፤ ይሁን እንጂ ሰሜን ጀርመን ሰፊ ነው፤ የኢንዱስትሪው ዘመን ደግሞ ሕዝቡን ከገጠር ወደ ሩር ከሰል ማውጫዎችና ወደ በርሊን ወስዶታል። አዶማይት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሥራው። የመጀመሪያው መዝገብ ቤት የአማትዎ ቁም ሣጥን ነው። ጀርመኖች ሲጋቡ ሽታምቡኽ የሚባል የቤተሰብ መዝገብ ይሰጣቸዋል፤ የጋብቻ፣ የልደትና የሞት ምስክር ወረቀቶች በውስጡ ይቀመጣሉ። የአያቶቹን ካገኛችሁ አንድ ወይም ሁለት ትውልድ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተገኘ ማለት ነው። የድሮ የስቱዲዮ ፎቶግራፎችንም ገልብጣችሁ እዩ፤ በወፍራሙ ካርቶን ላይ የፎቶ አንሺው ስምና ከተማ ታትሞ ይገኛል።

ሌላም ሰነድ ሊያጋጥማችሁ ይችላል፤ ሲያጋጥም እንዳትደነግጡ ብዬ ነው አስቀድሜ የምነግርዎ። በናዚ ዘመን፣ ከ1933 ጀምሮ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ለመሆንና ለሌላም ጉዳይ ሰው «አይሁድ አለመሆኑን» እንዲያረጋግጥ ይገደድ ነበር። ለዚህም አኔንፓስ የተባለ ትንሽ ደብተር ተዘጋጀ፤ አባት፣ እናት፣ አያቶችና ቅድመ አያቶች በየተራ ይጻፉበታል፤ ቄሱ ወይም መዝጋቢው እየተመለከተ ማኅተም ያሳርፍበታል። ዓላማው ክፉ ነበር። በውስጡ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ከመዝገብ ቁጥሩና ከአጥቢያው ስም ጋር ስለተገለበጠ፣ ዋናው መዝገብ በጦርነት ከጠፋ የቀረው መረጃ እርሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ ቤት ደብተሩ ተደብቆ ይኖራል። አማትዎን ሲጠይቁ ቀስ ብለው ይጠይቁ፤ «አባትዎ በጦርነቱ ጊዜ የት ነበሩ?» የሚለው ጥያቄ በጀርመን ቤት ውስጥ እንደ ዋዛ የሚነሣ አይደለም።

ቀጥሎ ሽታንደስአምት ነው፤ በእኛ አገር ቋንቋ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት። ከጀርመን ግዛቶች ትልቁ በነበረው በፕሩሲያ የመንግሥት ምዝገባ የተጀመረው በጥቅምት 1 ቀን 1874፣ በመላው ጀርመን ደግሞ በጥር 1 ቀን 1876 ነው (እዚህ የምጠቅሰው ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ፈረንሳዮች ይዘውት በነበረው ከራይን በስተ ግራ ባለው አገር ከ1798 ጀምሮ አለ። የልደት መዝገብ ለ110፣ የጋብቻ ለ80፣ የሞት ለ30 ዓመት በጽሕፈት ቤቱ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ከተማው ወይም ወደ ክፍለ ሀገሩ ቤተ መዛግብት ተሻግሮ ለማንም ይከፈታል። ጊዜው ያልደረሰውን ለመጠየቅ ሕጉ የሚፈቅደው ለራሱ ለባለ ጉዳዩ፣ ለትዳር ጓደኛው፣ በቀጥታ ለወለዱትና ለሚወለዱት ነው። ስለዚህ ማመልከቻውን ባለቤትዎ ይፈርሙት። እርስዎ ምራት ስለሆኑ በስምዎ ቢጽፉ «መብትዎን ያስረዱ» የሚል ደብዳቤ ብቻ ነው የሚደርስዎ።

ማመልከቻው ላይ «የምስክር ወረቀት ስጡኝ» አትበሉ። የምስክር ወረቀት አጭር ነው፤ ብዙ ነገር ያስቀራል። የምትፈልጉት የመዝገቡን ገጽ ሙሉ ግልባጭ ከነዳር ማስታወሻው ነው። በተለይ የጋብቻው ገጽ ሀብታም ነው። ከ1874 በኋላ በፕሩሲያ የተጻፈ አንድ የጋብቻ ገጽ ብትመለከቱ የሙሽራው ሥራ፣ ሃይማኖት፣ የተወለደበት ቀንና መንደር፣ የአባቱና የእናቱ ስም እናቲቱ ከጋብቻ በፊት ከነበራት ስም ጋር፣ ወላጆቹ የሚኖሩበት ቦታ በተርታ ይገኛሉ፤ የሙሽራዪቱም እንዲሁ። በሥሩ የሁለቱ ፊርማና የምስክሮቹ ስም ከነዕድሜያቸው ይከተላል። ምስክሩ ብዙ ጊዜ ወንድም ወይም አጎት ነው። ከአንድ ገጽ ሁለት መንደሮችና አራት ወላጆች ወጡ ማለት ነው። እኔ ሁልጊዜ ፍለጋዬን ከጋብቻ ወደ ጋብቻ የምዘለው ስለዚህ ነው።

የመንደሩ ስም ከታወቀ ከ1874 በፊት ያለው የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። ካቶሊኮች የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ እንዲይዙ የታዘዙት በትሬንት ጉባኤ በ1563 ነው፤ ከሉተራን አጥቢያዎች መካከል ከዚያ ቀድመው የጀመሩ አሉ። ይሁንና ከ1618 እስከ 1648 በተካሄደው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ብዙው ተቃጥሏል። ለአንድ ተራ የገበሬ ወይም የእጅ ባለሙያ ቤተሰብ እስከዚያ ጦርነት ማብቂያ መድረስ ጥሩ ውጤት ነው። የልጅዎ ሰባት ቤት ትውልዱ በ30 ዓመት ቢሰላ 1800 አካባቢ ያደርሳል፤ መዝገቡ ካልጠፋ በጥምቀት መዝገቦች ውስጥ የሚገኝ ዘመን ነው። የወንጌላውያኑ መዝገቦች በአብዛኛው አርኪዮን በተባለው ድረ ገጽ በክፍያ፣ ከካቶሊኮቹ ብዙዎቹ ማትሪኩላ በተባለው ያለ ክፍያ ይታያሉ።

ስሙን የሚያሳድድ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። መጀመሪያ አጻጻፉ። አንድ ቄስ ሽሮደር ያለውን ተተኪው ሽሮተር፣ ሽራደር ወይም ሽሮየር ብሎ ይጽፈዋል። እኛ ኃይሌን በሦስቱም «ሀ» እንደምንጽፈው ሁሉ ለእነርሱም ድምፁ እንጂ ፊደሉ ጉዳያቸው አልነበረም። የቤተሰብ ስም አጻጻፍ እየጠነከረ የመጣው የመንግሥት ምዝገባ ከተጀመረ ወዲህ ነው። የተማረ ሰው ደግሞ ስሙን ወደ ላቲን ይመልሰው ነበር፤ ልብስ ሰፊው ሳርቶሪየስ ይሆናል። በአሮጌ መዝገቦች የሴት ስም «ኢን» ተጨምሮበት ሽሮደሪን ተብሎ ይጻፋል፤ ሌላ ቤተሰብ አይምሰላችሁ።

የመጠሪያ ስሙም ወጥመድ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የአንድ ቤት ወንዶች ልጆች ሁሉ «ዮሃን» ተብለው ሊጠመቁ ይችላሉ፤ ዮሃን ፍሪድሪሽ፣ ዮሃን ጌዮርግ፣ ዮሃን ክርስቲያን። ሰው የሚጠራቸው በሁለተኛው ነበር። ሕፃን ሲሞት ደግሞ ቀጥሎ ለተወለደው ያው ስም ይሰጣል፤ ስለዚህ የተገኘው ጥምቀት የእናንተ ሰው መሆኑን ከመቀበላችሁ በፊት በዚያው ስም የተቀበረ ሕፃን እንደሌለ የሞት መዝገቡን አገላብጡ። እኔ የማያቸው የተሳሳቱ የዘር ሐረጎች ብዙዎቹ በሞተ ሕፃን በኩል ወደ ኋላ የተቆጠሩ ናቸው።

ሁለት አካባቢዎችን ለይቼ ላስጠንቅቅ፤ ሽሮደር ከሁለቱም ሊመጣ ይችላልና። በዌስትፋለን ስሙ የእርሻው ነበር። ወደ ባለ እርሻ ቤት በጋብቻ የገባ ወንድ የገዛ ስሙን ትቶ የእርሻውን ይይዛል፤ ልጆቹም በዚያው ይጠራሉ። በመዝገብ ላይ በሁለት ስሞች መካከል «ግናንት»፣ ማለትም «የሚባለው»፣ የሚል ቃል ካያችሁ የአባትየው ወገን የመጀመሪያው ስም ነው። ወደ ሰሜን ጫፍ፣ በሽሌስቪግና በምሥራቅ ፍሪስያ፣ ልማዱ እንደ እኛው ነበር፤ የፔተር ልጅ ሃንስ ሃንስ ፔተርሰን፣ የእርሱ ልጅ ደግሞ ሃንሰን ይባላል። በሽሌስቪግ የዴንማርክ ንጉሣዊ መንግሥት በ1771፣ በምሥራቅ ፍሪስያ የናፖሊዮን አዋጅ በ1811 ቋሚ ስም እንዲያዝ አዘዙ፤ ሕዝቡም ወዲያው እሺ አላለም። ከዚያ በፊት ባለው ዘመን አንድ ቋሚ የቤተሰብ ስም ይዞ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

አሁን ወደ አዶማይት። ጥያቄዎ የጀመረው በሽሮደር ቢሆንም ሀብቱ ያለው በዚህ ወገን ነው። አዶማይት የጀርመን ስም ይምሰል እንጂ ከሊቱዌንያ ቋንቋ የመጣ ነው፤ «አዶማስ» አዳም ነው፣ «አይቲስ» የሚለው መድረሻ የልጅነት ምልክት ነው፤ የአዳም ልጅ ማለት ነው። ጀርመንኛ ተናጋሪ ጸሐፊ ጫፉን ቆርጦ «አይት» አደረገው። በዚህ መድረሻ የሚያልቁ ስሞች፣ እንደ ግሪጎላይት ያሉትም፣ የሚጠቁሙት የምሥራቅ ፕሩሲያን ሰሜን ምሥራቅ፣ በቲልሲትና በጉምቢነን ዙሪያ ያለውን አገር ነው። ምሥራቅ ፕሩሲያን ከቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን ጋር አታምታቱት። ይህ በባልቲክ ባሕር ዳር የነበረ፣ ዛሬ በፖላንድ፣ በሩሲያና በሊቱዌንያ መካከል የተከፋፈለ ግዛት ነው። ከ1709 እስከ 1711 የገባው ወረርሽኝ የሕዝቡን ሲሶ ገደማ ሲጨርስ፣ ንጉሥ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ቀዳማዊ ባዶውን መሬት በሰፋሪ ሞላው። የሳልዝቡርግ ሊቀ ጳጳስ በ1731 ፕሮቴስታንቶቹን ሲያባርር ብዙ ሺህ ሰው በ1732 ወደዚያ ተጓዘ። ስለዚህ በአዶማይት ወገን ጋብቻዎች ውስጥ እንደ ብራንድሽቴተር ያለ የአልፕስ ተራሮች ስም ብቅ ቢል ስህተት አይምሰላችሁ።

ለአዶማይት የስም ፍለጋ ይሠራል፤ ብርቅ ስም ስለሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞቱት፣ የቆሰሉትና የጠፉት የጀርመን ወታደሮች ዝርዝር በኢንተርኔት ይገኛል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ስሞች ሲሆኑ በብዙዎቹ አጠገብ የትውልድ መንደር ተጽፏል። ሽሮደር ብላችሁ ብትፈልጉ ትሰጥማላችሁ። አዶማይት ብላችሁ ብትፈልጉ ግን መንደሮቹ በጥቂት ወረዳዎች ዙሪያ ሲሰባሰቡ ታያላችሁ፤ ያ የፍለጋ ካርታችሁ ነው።

ዋናው ችግር የቦታው ስም ነው። ናዚዎች በ1938 ጀርመንኛ የማይመስላቸውን የመንደርና የከተማ ስሞች በብዛት ለወጡ፤ ከ1945 በኋላ ደግሞ ሩሲያውያንና ፖላንዶች እንደገና ሰየሙ። ሽታሉፖነን የተባለችው ከተማ በ1938 ኤበንሮደ ሆነች፤ ዛሬ ኔስቴሮቭ ናት። አያቲቱ በምን ዘመን በወጣ ወረቀት ላይ የትኛውን ስም እንዳስጻፉ ካላወቃችሁ አንዲቱን ከተማ ሦስት ቦታ ትፈልጓታላችሁ። በ1912 የታተመው የሜየር የቦታዎች መዝገበ ቃላት በኢንተርኔት አለ፤ እያንዳንዱ መንደር በየትኛው ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ሥር እንደነበረ ይነግራችኋል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጀርመኖቹ ከምሥራቅ ፕሩሲያ ሲሸሹና ሲፈናቀሉ የተረፉት መዝገቦች ተበታትነዋል። የወንጌላውያን መዝገቦች ብዙዎቹ በርሊን በሚገኘው የቤተ ክርስቲያኒቱ ማዕከላዊ ቤተ መዛግብት ናቸው። የመንግሥት ምዝገባዎቹ ቅሪት በርሊን ባለው በቁጥር አንድ ሽታንደስአምት፣ ጊዜው ያለፈው ደግሞ በበርሊን የክፍለ ሀገሩ ቤተ መዛግብት ይገኛል። በፖላንድ በኩል የቀረውን የኦልሽቲን ቤተ መዛግብት በነፃ ያሳያል። ከሁሉም በላይ የምወደው ግን ጥቂት ሰው የሚያስበውን ነው፤ በ1952 በወጣው ሕግ ተፈናቃዮች ላጡት ንብረት ካሣ ጠይቀው ነበር። ማመልከቻዎቹ ዛሬ ባይሮይት በሚገኘው የፌዴራል ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። እዚያ ውስጥ ቤተሰቡ ስንት ሄክታር መሬትና ስንት ላም እንደነበረው፣ ቤቱ ምን ዓይነት እንደነበር፣ ማን ጎረቤት እንደመሰከረ ይነበባል። የአያቲቱ ወላጆች አመልክተው ከሆነ ለልጅዎ ከማንኛውም አርማ የበለጠ ነገር ነው።

ስለ ዘረ መል ምርመራ ባይጠይቁኝም ለሁሉም አጭር መልስ አለኝ፤ ሩቅ የሥጋ ዘመድ ሊያገናኝ ይችላል፣ መንደር ግን አይነግርም። መዝገቡ ካለቀ በኋላ ይታሰብበት።

የቀረው ንባቡ ነው። የድሮው የጀርመን የእጅ ጽሕፈት፣ ኩረንት የሚባለው፣ ዛሬ ጀርመኖች ራሳቸው ስለማያነቡት ባለቤትዎ ቢቸገሩ አይፍረዱባቸው። በዚያ ጽሕፈት «e» እና «n» የተባሉት ፊደሎች መንትያ ናቸው፤ «u» ከሌላው የሚለየው በራሱ ላይ ባለች ትንሽ ቅስት ነው። ቀኖቹም ያሳስታሉ። ከወር ስም ይልቅ «7ብሪስ» ተብሎ ቢጻፍ ሐምሌ አይደለም፤ በላቲን ሰባት «ሴፕተም» ስለሆነ መስከረም፣ ሴፕቴምበር ነው፤ «8ብሪስ» ኦክቶበር፣ «9ብሪስ» ኖቬምበር፣ «10ብሪስ» ዲሴምበር።

እንግዲህ ሁለት ማመልከቻ ይውጣ፤ አንዱ ለባለቤትዎ የአባቱ ወላጆች ጋብቻ፣ አንዱ ለአያቲቱ ጋብቻ። ባለቤትዎ ይፈርሙ፤ የመታወቂያቸውን ቅጂና ከአያቶቻቸው መወለዳቸውን የሚያሳዩ የልደት ወረቀቶችን ያያይዙ። የበርሊኑ ቁጥር አንድ ጽሕፈት ቤት ብዙ ስለሚያስጠብቅ የአያቲቱን ቀድማችሁ ላኩ። ግልባጩ ሲደርስ የዳር ማስታወሻው ሳይቆረጥ ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ፤ ኩረንቱን አብረን እናነበዋለን።